ከሽምግልናው በፊት ካርድ አውጪ

ይህን የምጽፈው ባሏ ወይም አብሯት የሚኖረው ሰው እጁን ለሚያነሳባት ሴት ነው። እኔም በዚህ አልፌ ወጥቻለሁ። ታሪኬን ግን አልተርክልሽም፤ ቦታውን ለአንቺ በሚጠቅም ነገር ብሞላው ይሻላል። ከራሴ ስህተትና በኋላም ጣቢያና ፍርድ ቤት አብሬያቸው ከተመላለስኳቸው ሴቶች የተማርኩትን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ከሆንሽ አብዛኛው ነገር የምታውቂው ሰፈር ውስጥ ነው።

የብዙዎቻችን ስህተት አንድ ነው፤ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን። መጀመሪያ ለእናቱ እንነግራለን። ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እርቅ ይወርዳል፣ በግ ይታረዳል። ሐኪም ቤትና ፖሊስ ትዝ የሚሉን ሦስተኛው ወይም አራተኛው ዱላ ላይ ነው፤ ያኔ የመጀመሪያው በሰውነታችን ላይም በወረቀት ላይም የለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። የጠየቁትም ቢሆኑ በብዛት የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰብ ነው። ጎረቤትና ቤተሰብ ያስፈልጋሉ፤ ማስረጃ ግን አይጽፉልሽም።

«ጫቱ ነው እንጂ እሱስ ደግ ነው» የሚለውን ነገር መጀመሪያ እንጨርሰው። በእኛ አገር ይህን ያላለች ሴት አላጋጠመችኝም። ከበርጫ፣ ከጫት መቃሚያው ማለቴ ነው፣ በኋላ ጨብሲ፣ ማለትም የምርቃና ማብረጃ መጠጥ፣ ሲጨመርበት ዱላው እንደሚከፋ እውነት ነው፤ ሰዓቱን ማወቅም ይጠቅምሻል። ግን ልብ በይ፤ ያው ሰው መርቅኖ አለቃውን አይመታም፣ የባጃጅ ተራ አስከባሪውንም አይመታም። ማንን መምታት እንደሚችል ያውቃል። ጫት እስኪያቆም ብለሽ ዓመት አትጠብቂ።

አሁን ወደዚያች ምሽት። ድምፁ ሲቀየር ከማድ ቤት ውጪ። ቢላውም፣ የከሰል ምድጃውም፣ የፈላው ዘይትም እዚያ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ መቆለፍም ጥሩ አይደለም፤ ሌላ መውጫ የለውም፣ ወለሉም ሲሚንቶ ነው። ወደ ግቢው ወይም ወደ መንገዱ በር ቅረቢ። ልጆች ካሉሽ መሀል እንዳይገቡ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የእነሱ ሥራ ሮጦ ጎረቤት መግባት ብቻ ነው። ከአንዲት ጎረቤት ጋር አንድ ቃል ተስማሙ። ትልቁ ልጅ መጥቶ «ወንፊት አውሱን» ካለ እሷ ለፖሊስ 991 ትደውላለች፣ ወይም ሁለት ሦስት ሆነው በር ያንኳኳሉ። ማንኳኳት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዱላውን የሚያስቆመው እሱ ነው።

አንድ ነገር ለብቻው ልናገር፤ አንገት። አንቆሽ ከሆነ፣ ለጥቂት ሰከንድም ቢሆን፣ ቆዳሽ ላይ ምንም ምልክት ባይታይም በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ሂጂ። ድምፅ መጎርነን፣ መዋጥ ማቃት፣ ዓይን ላይ ቀያይ ነጠብጣብ፣ ራስ መሳት፣ ሳይታወቅ ሽንት ማምለጥ፣ እነዚህ ሁሉ የውስጥ ጉዳት ምልክቶች ናቸው። በአንገት ያለው የደም ሥር ከተጎዳ አደጋው ከሰዓታት አልፎም ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ደግሞም አንገት ላይ እጁን ያሳረፈ ሰው በሌላ ቀን ሊገድል የሚችልበት ዕድል ከሌሎች እጅግ የበዛ ነው። «አነቀኝ እንጂ አልመታኝም» የምትል ሴት ስሰማ ሆዴ ይረበሻል። ማነቅ ከጥፊ አይቀልም፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው።

ሐኪም ቤት። ድሬ ከሆንሽ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን፣ ሐረር ከሆንሽ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል። ካርድ አውጪ። ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉንም ይወስናል፤ «ምን ሆነሽ ነው?» ይሉሻል። አብዛኞቻችን «ደረጃ ላይ ወደቅሁ» እንላለን፤ ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ አጠገባችን ቆሞ ይሰማል። ያ ዓረፍተ ነገር ካርድሽ ላይ ይጻፋል፤ ከስድስት ወር በኋላም የእሱ ጠበቃ ያነበዋል። ስለዚህ ለብቻዬ መታየት እፈልጋለሁ በይ። «ባለቤቴ ትናንት ማታ በ3 ሰዓት ገደማ በቀበቶ ብረት መታኝ» ብለሽ ማን፣ መቼ፣ በምን እንደሆነ ተናገሪ። ቆዳችን ጠቆር ያለ ከሆነ የበለዘው ቦታ በዓይን ላይለይ ይችላል። ሐኪሙ በእጁ ነክቶ የሚያመውንና ያበጠውን እንዲመዘግብ እያሳየሽ ንገሪው። ጆሮሽን ከመታሽ የመስማት ምርመራ፣ እርጉዝ ከሆንሽ ስለ ጽንሱ ምርመራ ጠይቂ። ስትወጪ የካርድ ቁጥርሽን ጽፈሽ ያዢ።

ያለ ፈቃድሽ ግንኙነት ፈጽሞ ከሆነ ሰዓቱ ይቆጠራል። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ ለ28 ቀንም ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያም እንዲሁ በቶሎ ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 620 መድፈርን «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ ስለሚጀምር ባልን በመድፈር መክሰስ አይቻልም፤ ይህ የሚያንገበግብ ክፍተት ነው። ሆኖም አብሮት ያደረሰብሽ የአካል ጉዳት ያስከስሳል፣ ሕክምናውም ከጋብቻ ወረቀት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ከፈታሽው ወይም ጋብቻ ከሌለ ደግሞ አንቀጹ በቀጥታ ይሠራል።

ማስረጃውን በቤትሽ የምታበላሺው እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ደም የነካውን ልብስ በፌስታል ቋጥረሽ ቁም ሳጥን ውስጥ አትክተቺ። በድሬ ሙቀት እርጥብ ልብስ በፌስታል ውስጥ በሁለት ቀን ይሻግታል፣ ከዚያም ለምርመራ አይሆንም። ሳታጥቢ በጥላ አድርቂውና እያንዳንዱን ለየብቻው በካኪ ፖስታ ወይም በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለሽ ቀኑን ጻፊበት። ፎቶ ስታነሺ በቀን ብርሃን ይሁን፣ የፊት ማሳመሪያውን አጥፊ። መጀመሪያ ፊትሽ ጭምር እንዲታይ ከራቅ ብሎ፣ ቀጥሎ ከቅርብ፤ መጠኑ እንዲታወቅ ከቁስሉ አጠገብ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጪ። የተመታ ሥጋ ብዙ ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው የሚጠቁረው፤ ስለዚህ በሦስቱም ቀን ድገሚው። ለእህትሽ በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው። እንደ ፎቶ ከሄደ ተጨምቆ የተነሳበት ቀንና ሰዓት ከውስጡ ይጠፋል። ከዚያ ከስልክሽ አጥፊው፤ የተሰረዙ ፎቶዎች የሚቀመጡበትንም አጽጂ።

ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቂ። ሆስፒታል ያልሄድሽ ከሆነ የሕክምና ማስረጃ መጠየቂያ ደብዳቤ ይጽፉልሻል። ደብዳቤውን ይዘሽ በዚያው ቀን ሂጂ፤ ነገ ብሎ ማሳደር ቁስሉን ያደበዝዘዋል። ቃልሽን በምትችይው ቋንቋ ስጪ። እዚህ አገር አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ ሁሉም አለ። አማርኛሽ የማያስተማምን ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቂ። የእሱ እህት ወይም አክስት እንዳታስተረጉምልሽ ግን አደራ። «ገፋ አደረጋት» ተብሎ የተተረጎመ ዱላ አይቻለሁ። ከመፈረምሽ በፊት ይነበብልሽ፣ የጎደለውን አስጨምሪ፣ የመዝገቡን ቁጥርና ቃልሽን የተቀበለውን መርማሪ ስም ያዢ። መሣሪያ ተጠቅሞ ከሆነ፣ ዱላም ቀበቶም የጀበና ክዳንም ይሁን፣ ሳትጠቅሺ አትለፊ፤ ወንጀሉን ያከብደዋል።

«የባልና ሚስት ጉዳይ ነው፣ ታርቃችሁ ኑ» ተብለሽ ልትመለሺ ትችያለሽ። ያኔ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 564 ጥሪላቸው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው። በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት በአካል ጉዳት አንቀጾች እንደሚያስቀጣ በግልጽ ይናገራል። በትሕትና ጥሪው፣ ግን ጥሪው። አሁንም ካልተቀበሉሽ ወደ ጣቢያው ኃላፊ ወይም በቀጥታ ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሂጂ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር በ7711 ምክር ይሰጣል። የሐረማያና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍሎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ማመልከቻም ይጽፉልሻል።

አሁን ይህን ጽሑፍ ወደጻፍኩበት ዋናው ምክንያት ደረስኩ። ቀላል የሚባለው የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። አንቺ ካላመለከትሽ አይከሰስም፣ ማመልከቻውም ድርጊቱን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ከባድ ጉዳት ከሆነ ይህ ገደብ አይመለከተውም። አብዛኛው ዱላ ግን ከቀላሉ ይመደባል። አሁን ሽምግልናውን አስቢ። አንዱ ሽማግሌ አዲስ አበባ ሄዷል፣ ሌላው ሐዘን ደርሶበታል፣ ጾም ገባ፣ ረመዳን ገባ፣ «ከበዓሉ በኋላ እንቀመጥ» ይባላል። ማንም ክፉ አላሰበም ይሆናል። ሦስቱ ወር ግን አለፈ፣ መዝገብም የለሽም። ከዚያ በኋላ እሱ እርቁን የሚፈልግበት ምክንያት አይኖረውም።

ሽምግልናን አልጠላም። የእኛ ሰው ያለ ሽማግሌ ምንም አያደርግም፣ ሥራቸውን አክብረው የሚሠሩ ሽማግሌዎችና ሼኾች፣ የንስሐ አባቶችም አሉ። የምለው ይህን ነው፤ መጀመሪያ ካርድ፣ ቀጥሎ መዝገብ፣ ከዚያ ሽምግልና። አቤቱታ ማስገባት መታረቅን አይከለክልሽም፤ አለማስገባት ግን ሌላውን በር ሁሉ ይዘጋል። ሲቀመጡ ከአንቺ ወገን ቢያንስ ሁለት ሰው ይኑር፣ አንዷ ሴት ትሁን፤ የእድር ወይም የአፎቻ (የሐረሪ መረዳጃ ማህበር) ጓደኛሽ ልትሆን ትችላለች። የተባለው በጽሑፍ ይስፈር፣ «መትቻታለሁ» የሚለው ቃል በውስጡ ይኑር፣ ቀን ይጻፍበት፣ ሁሉም ይፈርሙ፣ አንዱን ቅጂ አንቺ ያዢ። «በመካከላችን የተፈጠረ አለመግባባት» ተብሎ የተጻፈ እርቅ ላይ አትፈርሚ። አለመግባባት ሁለት ሰው የሚፈጥረው ነገር ነው። ጣቢያ ሄደሽ ክሱን አንሺ ቢሉሽም በዚያ ቀን አታንሺ፤ መዝገብ አንዴ ከተዘጋ ማስከፈት ከባድ ነው።

ለመውጣት ከወሰንሽ ለማንም ሳትናገሪ ተዘጋጂ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለእሱ። «እከስሃለሁ፣ ትቼህ እሄዳለሁ» ብሎ መዛት ትልቁ ስህተት ነው፤ ለሴት ከሁሉም አደገኛው ጊዜ መውጫዋ አካባቢ ያለው ነው። ሰዓቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ብዙዎቹ የወጡት ከምሳ በኋላ በ8 እና በ11 ሰዓት መካከል፣ እሱ በርጫ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው። ቦርሳውን ቤትሽ አታስቀምጪ፤ በማትጠረጠር ሴት ቤት ይቆይ። የአንቺና የልጆች አንድ አንድ ቅያሪ፣ መድኃኒት፣ የቤት ቁልፍ ቅጂ፣ የመንገድ ገንዘብ በቂ ነው። ወረቀቱ ይበልጣል፦ መታወቂያ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደትና የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ሰርተፊኬት፣ የባንክ ደብተር፣ የቤቱ ካርታ ቅጂ። ዋናውን መውሰድ ካልቻልሽ ፎቶ አንሺና ላኪ። እቁብ ካለሽ ዕጣሽ በማን እጅ እንደሚገባ ቀድመሽ ከእቁቡ ዳኛ ጋር ጨርሺ። ወርቅሽን ለብሰሽ አንድ ፎቶ ተነሺ፤ በኋላ «አልነበረም» ይባላል።

ስልክሽን አትርሺ። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርሽን ቀይሪ። በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ የተገናኙ መሣሪያዎችን የሚያሳየውን ክፍል ክፈቺና የማታውቂው ስልክ ካለ አስወጪው። ብዙዎች መልእክታቸው ሁሉ በእሱ ስልክ ላይ እንደሚነበብ ያወቁት ከዚያ ነው። ይህን ግን በመውጫሽ ቀን አድርጊው፤ ቀድመሽ ካደረግሽው ይነቃል። ሐረር ጁገል፣ በግንቡ የተከበበው አሮጌ ከተማ ውስጥ ከሆንሽ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ ስለሚኖር ወሬው ከአንቺ ቀድሞ በር ላይ ይደርሳል። ድሬ ያሉ ዘመዶች ዘንድ መሄድ ይቀላል፤ መንገዱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ጉዳዩን የሚያየው ግን ድርጊቱ የተፈጸመበት ከተማ ፖሊስ ስለሆነ ከመሄድሽ በፊት አመልክቺ። ማረፊያ ከሌለሽ የሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ወይም የቀበሌው የሴቶች ተወካይ ስለ መጠለያ ይጠየቃሉ።

ፍርድ ቤት ላይ ድሬዳዋ የምትሠራው በፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ 213/1992 ነው። ሐረሪ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አንቀጾች ሐረር ላይ እንዳሉ አትጥቀሺ። የፍቺ አቤቱታ ስታስገቢ በዚያው ቀን ጊዜያዊ ትእዛዝ ጠይቂ። አንቀጽ 82 አቤቱታው እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት አስተዳደር ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል፤ ካልጠየቅሽ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል። እነዚያ ወራት ያለ ቀለብ ካለፉ ልጆች ይዘሽ ወደዚያው ቤት ትመለሻለሽ። የፍርድ ቤቱን የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻልሽ ከቀበሌ አቅም እንደሌለሽ የሚያስረዳ ደብዳቤ ይዘሽ በደሃ ደንብ ለመክሰስ አመልክቺ።

ቤቱ ወይም ባጃጁ በእሱ ስም መሆኑ አያስፈራሽ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የጋራ የሆነ ቤት ያለ አንቺ ስምምነት ሊሸጥ አይችልም። ከሸጠም ካወቅሽ በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችያለሽ። ከዚያ ይልቅ ግን ቀድመሽ እግድ አስወጪና ለመሬት አስተዳደሩና ለትራንስፖርት ቢሮው በእጅሽ አድርሺ፤ ቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ማህተም አስመቺ። ሳትጋቡ ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንደ ባልና ሚስት ከኖራችሁም በዚያ ጊዜ ያፈራችሁት የጋራ ነው።

ሙስሊም እህቶቼ ይህን በተለይ ይያዙት። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ 188/1992 ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታየው ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ ነው ይላል። እዚያ መሄድ መብትሽ ነው፣ አለመሄድም መብትሽ ነው። ግን መጥሪያ ደርሶሽ «እኔ አልፈልግም» ብለሽ ቤትሽ ብትቀመጪ መቅረትሽ እንደ መስማማት ይቆጠራል። አንዴ ከተጀመረ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ማዛወር አይቻልም። ስለዚህ ባትፈልጊም ቀርበሽ አለመፈለግሽን አስመዝግቢ።

ስለ ውስጥሽም ልበል። ከወጣሽ በኋላ እንቅልፍ ማጣት፣ በር ሲንኳኳ መደንገጥ፣ አልፎም እሱን መናፈቅ ይመጣል። መናፈቁ ብዙዎችን ያሳፍራል፤ ዓመታት አብረሽው ኖረሻል፣ ይናፍቃል። ያኔ እንድትደውይ የተስማማሽባት አንዲት ሴት ትኑርሽ፤ ለእሱ ከመደወልሽ በፊት ለእሷ ደውዪ። የማስታገሻ ክኒን ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መዋል፣ ወይም ለመርሳት ብሎ ጫቱን መጨመር የብዙዎችን ጤና ሲያበላሽ አይቻለሁ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ሳታሳድሪ ሆስፒታል ሄደሽ ለሐኪም ንገሪ። ተመልሰሽ ከገባሽም ካርድሽና መዝገብሽ እዚያው አሉ፤ ሁለተኛ ስትወጪ ከዜሮ አትጀምሪም። ብዙዎች የወጡት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ነው።

ፍርዱ ሲሰጥ የተመሠከረለት ግልባጭ ሁለት አውጪ። ቀለብ ይክፈል ተብሎ ስለተፈረደ ብቻ ገንዘቡ አይመጣም። የአፈጻጸም መዝገብ ለብቻው ይከፈታል፣ ደመወዝተኛ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱን ስም ይዘሽ ከደመወዙ እንዲቆረጥ ጠይቂ። ልጆቹን የሚያይበት ቦታና ሰዓትም በትእዛዙ ላይ ተለይቶ ይጻፍ። አዲሱ ቤትሽ በር ላይ አይሁን። በአያታቸው ቤት፣ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት፣ የምታስረክበውም የምትረከበውም አያትየዋ ትሁን፤ አንቺ ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ ውስጥ ሆነሽ ጠብቂ።